የጣናን ወፍ ላባ ሳያጠፋ ኖይዝ የሚያጸዳ ሶፍትዌር የትኛው ነው?

በጣና ዳርቻ ወፍ ወይም ጉማሬ የሚያነሣ ሰው ኖይዝ ከሚባለው ችግር ሊያመልጥ አይችልም። እንስሳቱ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ለምድር ወገብ ቀረብ ያለች ከተማ በመሆኗ ንጋቱም ምሽቱም ፈጥኖ ያልፋል። በዚያች አጭር ጊዜ የሚበር ወፍ ክንፍ ሳይደበዝዝ ለማስቀረት ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ወደ 1/1600 ወይም 1/2000 ሰከንድ ማፍጠን ያስፈልጋል፤ በአብዛኞቻችን እጅ ያሉት ረጃጅም ሌንሶች ደግሞ እስከ መጨረሻው ቢከፈቱም የመክፈቻቸው ልክ ከኤፍ 5.6 ወይም ከኤፍ 6.3 አያልፍም። ስለዚህ አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ያገኘውን ብርሃን የሚያጎላበት ልክ፣ ወደ 6400፣ አንዳንዴም ወደ 12800 ይወጣል፤ ምስሉም አሸዋ እንደተነሰነሰበት ሆኖ ይመጣል፤ ኖይዝ የሚባለው ይህ ነው።

ይህን እናጸዳለን የሚሉ ሶፍትዌሮች ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዝተዋል። እዚህ የማወዳድራቸው አራቱን ነው፦ ዲኤክስኦ ፒዩርሮው፣ የአዶቢ ላይትሩም ዲኖይዝ፣ ቶፓዝ ፎቶ ኤአይ እና በነጻ የሚገኘው ዳርክቴብል። ብዙ ግምገማዎች የሚጠይቁት የትኛው ምስሉን ይበልጥ ንጹሕ እንደሚያደርግ ነው፤ የሠርግ ወይም የማስታወቂያ ፎቶ ለሚሠራ ሰው ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። የዱር እንስሳ ፎቶ ግን ምስክርነትም ነው። ወፏ የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች፣ ጫጩትነቷን ገና ያልጨረሰች ትሁን የደረሰች፣ ላባዋን እየቀየረች ይሁን አይሁን ከፎቶው ይነበባል። ስለዚህ ከንጽሕናው አስቀድሜ የምመለከተው፣ ከጽዳቱ በኋላ የቀረው ላባ ሌንሱ ያየው ላባ መሆኑን ነው። በዚህ መመዘኛ ሲታዩ የአራቱ ደረጃ ማስታወቂያዎቻቸው ከሚሉት በእጅጉ ይለያል።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት ኖይዙ ከየት እንደሚመጣ መናገር ይገባል፤ ሶፍትዌሮቹ የሚለያዩት በትክክል እዚህ ላይ ነውና። ብርሃን ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ወደ ካሜራው ብርሃን መዝጋቢ ክፍል፣ የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ የሚያርፉት በእኩል ልክ ተከፋፍለው ሳይሆን በዘፈቀደ ነው። አንድ ፒክሴል 10,000 ፎቶን ቢቀበል መዋዠቁ የቁጥሩ ካሬ ሥር፣ ማለትም 100 ያህል ይሆናል፤ ይህ 1 በመቶ ብቻ ስለሆነ ዓይን አያስተውለውም። 100 ፎቶን ብቻ ሲደርሰው ግን መዋዠቁ 10 ነው፤ 10 በመቶ ማለት ስለሆነ ፈጥጦ ይታያል። በዚህ ላይ የካሜራው ኤሌክትሮኒክስ የራሱን ጥቂት ይጨምርበታል። አይኤስኦን ከፍ ማድረግ በራሱ ኖይዙን አይፈጥረውም፤ የብርሃኑ ማነስ ያመጣውን መዋዠቅ አጉልቶ ያሳየዋል እንጂ። አይኤስኦ ላለመጨመር ብሎ ፎቶውን አጨልሞ ማንሣትና በኋላ በኮምፒውተር ማብራት ስለዚህ አይጠቅምም፤ በብዙ ካሜራዎች ላይ እንዲያውም ያብሳል።

ሁለተኛው ነገር የሴንሰሩ አሠራር ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች የኮዳኩ ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበትን የቀለም ማጣሪያ ይጠቀማሉ። በዚህ ማጣሪያ ከፒክሴሎቹ ግማሹ አረንጓዴን፣ ሩቡ ቀይን፣ ሩቡ ሰማያዊን ብቻ ይመዘግባል፤ በየፒክሴሉ የጎደለውን ቀለም ሶፍትዌሩ ከጎረቤት ፒክሴሎች ገምቶ ይሞላዋል። ግምቱ የሚሠራው ኖይዝ በበዛበት መረጃ ላይ ከሆነ፣ የአንዱ ነጥብ ስሕተት ወደ ጎረቤቶቹ ይሰራጭና ሰፋ ያለ የቀለም ነጠብጣብ ይሆናል። ካሜራው ራሱ የሚያወጣው ጄፔግ ይህን ሁሉ ሥራ ጨርሶ፣ ላባውንም አለስልሶ የተቀመጠ ፋይል ስለሆነ ከዚያ በኋላ ለማዳን የሚቀረው ጥቂት ነው። ሮው ፋይል ግን ነጥቦቹን ከነጥሬነታቸው ይይዛል። በዚህ ግምገማ የምለው ሁሉ በሮው ለሚያነሣ ሰው ነው፤ ጄፔግን በተመለከተ ቶፓዝ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

ለማወዳደር የመረጥኋቸው ምስሎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ከሐይቁ በስተምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ፣ በጭጋግ ውስጥ በማለዳ የተነሣ ጥቁር ባለዘውድ ክሬን ነው። ይህ ወፍ በአናቱ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ወርቃማ ዘንጎች ያሉት ዘውድ አለው፤ ጉንጩ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ነው። የዘውዱ ዘንጎች በምስሉ ላይ ከአንድና ከሁለት ፒክሴል የማይበልጥ ውፍረት ስላላቸው፣ አንድ ሶፍትዌር ዝርዝርን ከኖይዝ መለየት ይችል እንደሆነ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው በዘጌ ደን፣ ከቡናው በላይ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ጥላ ውስጥ የተነሣች ሶሪት ናት። ሰውነቷ አረንጓዴ፣ የክንፏ ላባ ደማቅ ቀይ፣ ከዓይኗ ፊት ለፊትና በጆሮዋ በኩል ነጭ ምልክት ያላት ናት። በቅጠሉ ተጣርቶ የሚወርደው ብርሃን ወደ አረንጓዴ ያደላ ነው፤ ቀዩን የሚመዘግቡት ፒክሴሎች ደግሞ ከጠቅላላው ሩቡ ብቻ ናቸው። በመሆኑም ኖይዙ እጅግ የሚከፋው ወፏ ክንፏን ስትዘረጋ በምትታወቅበት በዚያ ቀይ ላይ ነው። ሦስተኛው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ አመሻሽ ላይ የተነሣ ጉማሬ ሲሆን፣ እርጥብ ቆዳው፣ በአፉ ዙሪያ ያለው ጢሙ እና ከበስተኋላው ያለው ደንገል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈተና ናቸው። ሁሉንም በአንድ ላፕቶፕ፣ መጀመሪያ በየሶፍትዌሩ መነሻ ቅንብር፣ ከዚያም በእጅ አስተካክዬ አሳለፍኋቸው፤ ያየኋቸውም መቶ በመቶ አጉልቼ፣ ካልተነካው ሮው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ነው።

ከሁሉም አስቀድሜ የማስቀምጠው ዲኤክስኦ ፒዩርሮውን ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ ዲፕፕራይም የተባለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2020 ፎቶላብ 4 በተባለው ሶፍትዌሩ ውስጥ አወጣው፤ በ2021 ደግሞ ይህንኑ ዘዴ ነጥሎ ፒዩርሮው በሚል ስም ለብቻው ለገበያ አቀረበው። ብልጫው የጎደለውን ቀለም መሙላቱንና ኖይዙን ማጽዳቱን በየተራ ሳይሆን በአንድ እርምጃ መሥራቱ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ማጽጃዎች ቀለሙ ከተሞላ፣ ስሕተቱም ከተሰራጨ በኋላ ሊያጸዱ ሲደክሙ፣ ዲፕፕራይም ጥሬዎቹን ነጥቦች እያየ ሁለቱንም አብሮ ይወስናል።

በክሬኑ ዘውድ ላይ የዚህ ጥቅም ወለል ብሎ ይታያል። ባልተነካው ሮው ላይ ዘንጎቹ በቀይና በሰማያዊ ነጥቦች ተቆራርጠዋል፤ አንዳንዶቹም ከጎረቤታቸው ጋር ተጣብቀው ሁለቱ አንድ መስለዋል። ፒዩርሮው ካለፈበት በኋላ ፊት ለፊት ያሉት ዘንጎች ከሥራቸው እስከ ጫፋቸው ሳይቆረጡ ይመጣሉ፤ ከበስተኋላ ያለው የጭጋጉ ግራጫም ያለ ነጠብጣብ ይጠራል። እኔን ይበልጥ ያረካኝ ግን ሌላው ነው፦ ከትኩረት ውጭ የሆኑት፣ ሮው ላይም የማይነበቡት የኋላ ዘንጎች በውጤቱም ላይ ደብዝዘው ቀርተዋል። ሶፍትዌሩ ያላየውን አልሣለም። በሶሪቷ ቀይ ክንፍ ላይም ቀለሙ ወደ ብርቱካንማም ወደ ሐምራዊም ሳያደላ አንድ ወጥ ሆኖ ቆየ፤ በላባው መካከል የሚሄደው አጥንትም በቀጭኑ ተለይቶ ወጣ።

ይህ ማለት ፒዩርሮው ሁልጊዜ በመነሻ ቅንብሩ ይተዋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የመጡት ኤክስዲ የተባሉት ጠንካራ ስሪቶች ከመጀመሪያው ዲፕፕራይም የበለጠ ዝርዝር ያወጣሉ፤ ሆኖም ብርሃኑ በጣም ሲያንስ፣ በተለይ በውኃ ሞገድና በደንገል ቅጠል ላይ፣ በተፈጥሮ የሌለ ጥምዝምዝ መስመር ይሠራሉ። በጉማሬው ምስል ላይ ቆዳው አምሮ ሳለ ከአጠገቡ ያለው ውኃ የተቀረጸ እንጨት የሚመስል ገጽ ይዞ መጣ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወይ የዝርዝር ማጠንከሪያውን ወደ ዝቅተኛው ማምጣት፣ ወይም ለእንዲህ ያለው ፎቶ ወደ ተራው ዲፕፕራይም መመለስ ነው። እኔ ከአይኤስኦ 6400 በላይ ለሆነ የውኃ ፎቶ ተራውን፣ በደረቅ መሬት ላይ ላለ ወፍ ኤክስዲን እመርጣለሁ።

ጉድለቶቹም አሉ። ሮው ካልሆነ አይቀበልም። ካሜራውና ሌንሱ በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ የካሜራና የሌንስ ጥምረትም የተለየ የማስተካከያ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል። ይህ ፋይል ትልቅ አይደለም፤ ነገር ግን ኢንተርኔት በሌለበት የገጠር ማረፊያ አዲስ ሌንስ ይዞ የተገኘ ሰው ሥራው ይቆማል፤ ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ማውረድ ነው። የሚያወጣው ዲኤንጂ የተባለው የሮው ዓይነት ፋይልም ከመነሻው ሮው ብዙ ጊዜ ስለሚበልጥ ሃርድ ዲስክ ቶሎ ይሞላል። የተነሣውን ሁሉ ከማሳለፍ ይልቅ አስቀድሞ መርጦ፣ የተመረጡትን ብቻ መስጠት ይሻላል።

የአዶቢ ላይትሩም ዲኖይዝ የመጣው ዘግየት ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ነው። እንደ ፒዩርሮው ሁሉ የሚሠራው ከሮው ላይ ነው። አንድ የመጠን ማንሸራተቻ ብቻ አለው፤ መነሻው 50 ላይ ነው። ለወፍ ላባ 50 ይበዛል። በክሬኑ ጥቁር አንገት ላይ በ50 ሲሆን የላባው መደራረብ ወደ ለስላሳ ጥቁር ጨርቅነት ያደላል፤ ወደ 30 ዝቅ ሲል ግን ጥቂት ብናኝ ትቶ መደራረቡን ይመልሰዋል። ያቺ የምትቀረው ብናኝ አትከፋም፤ በወረቀት ሲታተም አትታይም፣ ላባውንም ፕላስቲክ ከመምሰል ታድነዋለች።

የላይትሩም ትልቁ ጥቅም ሥራን አለማቋረጡ ነው። ፎቶው የሚመረጥበት፣ ብርሃኑ የሚስተካከልበትና ኖይዙ የሚጸዳበት ቦታ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ጽዳት ወደ አዲስ ዲኤንጂ ፋይል ይገለብጥ የነበረውም እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ያለ ተጨማሪ ፋይል መሥራት ጀምሯል። በቀለም ታማኝነት ከፒዩርሮው ብዙም አይርቅም። የሚያንሰው በጥቃቅን ዝርዝር ላይ ነው፤ ከዘውዱ ዘንጎች ቀጫጭኖቹን አንዳንዶቹን ከጭጋጉ ጋር አዋሕዶ አጠፋቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት፦ የነበረውን ማጥፋትና ያልነበረውን መጨመር እኩል ጥፋት አይደሉም። የጠፋው ዘንግ ፎቶውን ያሳንሰዋል፤ የተጨመረው ግን ፎቶውን ሐሰት ያደርገዋል።

ይህ ወደ ቶፓዝ ፎቶ ኤአይ ያመጣኛል። ኩባንያው አስቀድሞ ዲኖይዝ ኤአይ የሚባል ለብቻው የቆመ ሶፍትዌር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጽዳቱን፣ ማጥራቱን (ጠርዞችን አጉልቶ ማሳየቱን) እና ምስሉን ማሳደጉን አንድ ላይ አድርጎ ፎቶ ኤአይን አወጣ። ፎቶው ሲከፈት ሶፍትዌሩ ራሱ መርምሮ ምን ያህል እንደሚያጸዳ፣ ምን ያህልም እንደሚያጠራ ይወስናል። በመጀመሪያ እይታ ውጤቱ ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን አራት ምስሎች ላሳየኋቸው ጓደኞቼ የተመረጠው የቶፓዙ ነበር፤ ለምን እንደተመረጠም ይገባኛል። የሶሪቷ ዓይን ያበራል፣ ጉንጯ ላይ እያንዳንዱ ላባ የተበጠረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ያንኑ ጉንጭ ከሮው ጋር አስተያይቶ ላየ ሰው ነገሩ ይለወጣል። ነጩ ምልክት ከአረንጓዴው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በሮው ላይ የደበዘዘና ያልተስተካከለ ነው፤ ወፏ በዚያች ቅጽበት ራሷን እያዞረች ነበርና። ቶፓዝ በዚህ ድብዛዜ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ጥቃቅን የላባ መስመሮች ሠርቶበታል። መስመሮቹ የሚያምሩ ናቸው፤ የሶሪት ግን አይደሉም። የሶሪት የጉንጭ ላባ አጭርና ለስላሳ ነው እንጂ እንዲህ የተሰነጣጠቀ አይደለም። በጉማሬው ላይም ከአፉ በላይ ያለው ጢም በዝቷል፤ ሮው ላይ አንድ ወፍራም ጢም ባለበት ቦታ ሁለት ቀጫጭኖች መጥተዋል። ይህ የሚሆነው ሶፍትዌሩ እጅግ ብዙ ጥንድ ፎቶዎችን፣ ንጹሑንና የተበላሸውን አስተያይቶ ስለተማረ ነው፤ መረጃው ሲያንሰው ከተማራቸው ምስሎች የሚመስለውን ያመጣል። ዲፕፕራይምና ላይትሩምም የተማሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ቶፓዝ ጽዳትን ከማጥራት ጋር ስለሚያዳብልና መነሻ ቅንብሩ ኃይለኛ ስለሆነ ይበልጥ መድፈሩ ላይ ነው።

በእጅ ሲያዝ ቶፓዝ ይሻሻላል። ማጥራቱን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የጽዳቱን ኃይል ወደ ግማሽ ማውረድ ከላይ ያልኋቸውን አብዛኞቹን ጥፋቶች ያስቀራል፤ ያን ጊዜ ግን ከላይትሩም የሚበልጥበት ነገርም አብሮ ይቀራል። ተወዳዳሪ የማላገኝለት በጄፔግ ላይ ነው። ድሮ በሮው ሳይሆን በጄፔግ ብቻ የተነሡ፣ ካሜራው ራሱ ያለሰለሳቸው የወፍ ፎቶዎች ያሉት ሰው ፒዩርሮው አይቀበልለትም፣ የላይትሩም ዲኖይዝም እንደዚሁ፤ ለእንዲህ ያለው ፎቶ ቶፓዝን በዝቅተኛ ኃይል መጠቀም ተገቢ ነው። ለቤተሰብ ግድግዳ የሚታተም ፎቶ ከሆነም ክርክር የለኝም። ለዝርያ መለያ፣ ለመጽሔት፣ ለወፍ መዝገብ የሚሰጥ ፎቶ ግን በመነሻ ቅንብሩ በቶፓዝ አልፎ መውጣት የለበትም።

ዳርክቴብልን ከእነዚህ ሁሉ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ ዋጋ ስለሌለው ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ፈጽሞ የተለየ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በሊኑክስ፣ በማክም በዊንዶውስም ይጫናል። ለኖይዝ የተመደበው ዋናው ክፍሉ ለብዙ ካሜራዎች በየአይኤስኦው አስቀድሞ የተለካ የኖይዝ መጠን ይዟል፤ ፎቶው ሲከፈት ካሜራውንና አይኤስኦውን አንብቦ ከዚያ ልክ ተነሥቶ ያጸዳል። ከሌሎች ፎቶዎች ተምሮ የሚገምት ነገር የለውም፤ በሒሳብ የሚያለሰልስ እንጂ የሚሥል አይደለም።

በተግባር ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ክፍሉን ሁለት ጊዜ ደራርቦ በመክፈት ነው። የመጀመሪያው በቀለም ላይ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ጠንከር ብሎ ይሰጣል፤ የሰው ዓይን በቀለም ላይ ያለ ዝርዝር መጥፋቱን እምብዛም ስለማያስተውል ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቡ ያለ ጉዳት ይጠፋል። ሁለተኛው በብርሃኑ ላይ ብቻ፣ በጣም ዝቅ ብሎ ይሰጣል። ከዚያ ማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ለይቶ የሚከልል ሽፋን) ሠርቶ ወፏን ከሁለተኛው ማስወጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጭጋጉ፣ ሰማዩና ውኃው ይለሰልሳሉ፣ ላባው ሳይነካ ይቆያል። በክሬኑ ፎቶ ላይ በዚህ መንገድ ያገኘሁት ውጤት አቅርቦ ለሚያይ ሰው ብናኙ የሚታይ ነው፤ በመካከለኛ መጠን ሲታተም ግን ከፒዩርሮው ጋር ያለው ልዩነት በጣም ይጠባል፤ አንድም የሐሰት ዘንግ የለበትም። የሶሪቷ ፎቶ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ከጥላው የተነሣ ቀዩ ላይ የቀረው ብናኝ ብዙ ነው፣ ቀዩን ለማጽዳት ሲጠነከርም የክንፉ ቀለም ወደ አረንጓዴው ይፈስሳል። ለጥላ ፎቶ ዳርክቴብል አይበቃም፤ ለሜዳና ለሐይቅ ፎቶ ይበቃል። ለመማር ጊዜ ይጠይቃል፤ የክፍሎቹ ብዛት አዲስ ሰውን ያደናግራል። ግን አንዴ የተስተካከለው ቅንብር ተቀምጦ ለሚቀጥለው ፎቶ በአንድ ጠቅታ ይሰጣል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሮውቴራፒም ነጻ ነው፤ የሚደምቁ የተበላሹ ፒክሴሎችን በማጥፋት ጎበዝ ቢሆንም ማስክ መሥራት ላይ እንደ ዳርክቴብል አይመችም። ኒክ ዲፋይንን ብዙ ሰው የሚያውቀው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 የኒክን ስብስብ በነጻ ባደለበት ጊዜ ነው፤ በ2017 ዲኤክስኦ ገዛው። የሚሠራው ቀለሙ ከተሞላ በኋላ ስለሆነ ዛሬ ከአራቱ ጋር አይወዳደርም።

ከጥራቱ ያልተናነሰው ጉዳይ እዚህ ከተማ ሆኖ መጠቀም መቻሉ ነው። በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠ የባንክ ካርድ ለውጭ አገር ኩባንያ የየወሩ ክፍያ እንደልብ አይሠራም፤ አብዛኛው ሰው ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንዲከፍልለት ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈልን ዋጋ ለዘመድ መጠየቅ ይቻላል፤ በየወሩ መጠየቅ ግን ያሳቅቃል። ከዚህ አንጻር ፒዩርሮው በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጡ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ባለፉት እትሞቹ ዋጋው ወደ 120 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፣ የተገዛው እትምም ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሥራቱን ይቀጥላል። ላይትሩም የሚገኘው በደንበኝነት ብቻ ነው፤ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ርካሹን የ20 ጊጋባይት ጥቅል ለአዲስ ደንበኞች ካቆመ ወዲህ የፎቶ ጥቅሉ በወር 19.99 ዶላር ነው። ቶፓዝም በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ለዘለቄታው የሚገዛውን ፈቃድ ትቶ ወደ ደንበኝነት ክፍያ ተዛውሯል፤ እኔ ለምመዝነው ዓይነት ተጠቃሚ ይህ ከጥራቱ በላይ ዋጋውን የሚቀንስበት ለውጥ ነው።

በከተማው የተሰበረ ኮፒ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተደረገ ሶፍትዌር፣ በፍላሽ የሚጭኑ ቤቶች መኖራቸው የታወቀ ነው። ከሕጉና ከሕሊናው ሌላ በዚህ ሥራ ላይ ተግባራዊ ጉዳትም አለው፤ የተሰበረው ኮፒ የአዲስ ካሜራና የአዲስ ሌንስ ማስተካከያ ፋይል ማውረድ ስለማይችል ፒዩርሮው ዋና ብልጫውን ያጣል፣ ከኮፒው ጋር የሚገባው ቫይረስም ሃርድ ዲስክ ላይ ያሉትን ሮው ፋይሎች ሁሉ አደጋ ላይ ይጥላል። ገንዘብ ለሌለው ሰው መንገዱ ዳርክቴብል ነው፤ የተሰበረ ኮፒ አይደለም።

መብራትም ይቆጠራል። ፒዩርሮው፣ ላይትሩምና ቶፓዝ ከፍተኛ የግራፊክስ ካርድ ኃይል ይጠቀማሉ። ጥሩ ካርድ ባለው ኮምፒውተር አንድ ፎቶ በሰከንዶች ያልቃል፤ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ግን ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይሄዳሉ፣ ባትሪውም መብራት በጠፋበት ሰዓት እያየነው ይወርዳል። ሦስቱም ጽዳቱን በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠሩ ስለሆኑ ለጽዳቱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ላይትሩም ግን የደንበኝነቱን ሁኔታ ለማረጋገጥ በየጊዜው መስመር ላይ መግባት ይፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሊቋረጥ ለሚችልበት አካባቢ ይህን ማሰብ ይገባል። ዳርክቴብል በአሮጌ ላፕቶፕም ያለ ግራፊክስ ካርድ ይሠራል፣ ባትሪም ይቆጥባል።

የትኛውም ቢመረጥ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ጽዳቱ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ብርሃኑና ቀለሙ ሳይነኩ ይሠራል፤ ማጥራት መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እሱም ወፏ ላይ ብቻ እንጂ በሰማዩ ወይም በውኃው ላይ አይደረግም። ዋናው ሮው አይሰረዝም። ከጽዳቱ በኋላ የሚወጣው ፋይል ስም ላይ የትኛው ሶፍትዌር እንዳለፈበት መጻፍም ይጠቅማል፤ ከዓመታት በኋላ የተሻለ ስሪት ሲመጣ ከየት መጀመር እንዳለበት ይታወቃልና።

ፒዩርሮውን ሳይከፍሉ ለ14 ቀን ሙሉ በሙሉ መሞከር ይቻላል። ይህን የሙከራ ጊዜ ዝናብ በሚበዛበት በክረምት፣ የሚሠራ ፎቶ ሳይኖር ማባከን አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ከሰሜን የሚፈልሱት ግራጫ ክሬኖች በጣና ዙሪያ በሚከርሙበት ወቅት፣ የማለዳ ሮው ፋይሎች በእጅ ሲኖሩ መክፈት ይሻላል፤ የላባውንም ነገር በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ስክሪን፣ መቶ በመቶ አጉልቶ፣ ከሮው አጠገብ አድርጎ ማየት ነው።